መጀመሪያ ገልብጡት፦ የቪክቶሪያ ዘመን የፎቶ ቤት ምስሎችን መሰብሰብ

የማላውቃቸውን ሰዎች ፎቶ በገንዘቤ እገዛለሁ። ያውም ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸውን። እናቴ ይህን የሰማች ቀን "አንተ ልጅ፣ የሙት መልክ ቤትህ አታስገባ" ብላ በስልክ ላይ አማተበች። እዚህ ለንደን ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ "አሁንስ ለየልህ፣ ፈረንጅ ሆነሃል" ይሉኛል። ሁለቱንም ለምጄዋለሁ።

ይህን የምጽፈው አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ እነዚያን ቡናማ ካርዶች አንስታችሁ፣ "እውነተኛ ነው? ስንት ዓመቱ ነው? ዋጋውስ?" ብላችሁ መልሳችሁ ላስቀመጣችሁ ሰዎች ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው። ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሲሆን እሷ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። ስለዚህ በዘመኗ የተነሳ ፎቶ ስንል አንድ ዓይነት ዕቃ ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ዳጌሮታይፕ ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል፤ ትንሽ ዘንበል ስታደርጉት ነው ሰውየው ብቅ የሚለው። በ1850ዎቹ አምብሮታይፕ መጣ። እሱ መስታወት ላይ ነው፣ ከኋላው ጥቁር ነገር ይደረግበታል። ቲንታይፕ ደግሞ ስስ ብረት ነው። ማግኔት ብታስጠጉ ይይዘዋል፤ መዳብና መስታወት ግን አይዙም። ትንሽ ማግኔት ኪስ ውስጥ መያዝ የማይረባ ነገር ይመስላል፣ ግን ሻጩ ራሱ የያዘውን ሳያውቅ ሲቀር ይጠቅማል።

የእኔ ፍቅር ግን በወረቀት የታተሙት ናቸው፤ ለጀማሪም የምመክረው እነሱን ነው። በ1854 ዲስዴሪ የሚባል የፓሪስ ፎቶ አንሺ አንድ ብልሃት አስመዘገበ። ብዙ ሌንስ ባለው ካሜራ በአንድ የመስታወት ሰሌዳ ላይ እስከ ስምንት ምስል ያነሳና፣ አትሞ ቆራርጦ በትንንሽ ካርቶን ላይ ይለጥፋል። ፎቶ በአንድ ጊዜ ረከሰ። ካርዱ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል በአሥር ገደማ ነው፣ ስሙም ካርት ደ ቪዚት። በ1860 ሜያል የተባለ ፎቶ አንሺ የንግሥቲቱንና የቤተሰቧን ምስል በዚህ መልክ ለሕዝብ ሲሸጥ እንግሊዝ አበደች። ሁሉም ተነሳ፣ ሁሉም ለዘመድ አዳለ፣ ሁሉም አልበም ገዛ። በ1866 ገደማ ደግሞ ከፍ ያለው ካቢኔት ካርድ ተከተለ። እሱ አሥራ አንድ በአሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው።

ወረቀቱ የሚቀባው በእንቁላል ነጭ ነበር። ያ ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም የመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። የወረቀት ፋብሪካዎች በዓመት እንቁላል በሚሊዮን ይሰብሩ ነበር፤ አስኳሉ ለቆዳ ማልፊያ ይሸጥ ነበር። ሁዳዴ በማይጾምበት አገር ብቻ የሚሠራ ንግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካርድ ስታነሱ ፊቱን አትዩ፤ መጀመሪያ ገልብጡት። ፊት ያታልላል። ቆንጆ ሴት ታያላችሁ፣ ልባችሁ ይሸፍታል፣ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ስለ እሷ አንዲት ነገር አታውቁም። ጀርባው ላይ ግን የፎቶ ቤቱ ስም አለ፣ አድራሻ አለ፣ አንዳንዴ በቀለም የተጻፈ የኔጋቲቭ ቁጥር አለ። "ኔጋቲቩ ተቀምጧል፣ ተጨማሪ ኮፒ ማሳተም ይቻላል" የሚል ማስታወቂያ ሳይቀር ታገኛላችሁ። ሜዳሊያ የተሸለመ ፎቶ ቤት የሜዳሊያውን ሥዕል ከነዓመቱ ያትማል። ያ ዓመት ወለል ነው። ካርዱ ከዚያ ሊቀድም አይችልም።

አድራሻው ከስሙ ይበልጣል። ፎቶ ቤቶች ቤት መቀየር ይወዱ ነበር፤ አንዳንዱ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይዛወራል። በዘመኑ የታተሙ የንግድ ማውጫዎች ደግሞ ማን በየትኛው ዓመት የት መንገድ ላይ እንደነበረ ይዘረዝራሉ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል። ስሙን ትፈልጋላችሁ፣ አድራሻው የታየበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመት ትመዘግባላችሁ፣ ካርዳችሁ በመሃል ይገኛል። ለምሳሌ ኤሊዮትና ፍራይ የሚባለው የታወቀ የለንደን ፎቶ ቤት ቤከር ስትሪት 55 ላይ የተከፈተው በ1863 ነው። ይህን ስም የያዘ ካርድ "የ1860 ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ማውጫ ሳይገለጥም ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። የ1860ዎቹ መጀመሪያ ካርዶች ስስ ናቸው፤ ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ፣ ጀርባቸው ባዶ ወይም አንዲት መስመር ብቻ የታተመበት። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ይታያል፣ አጠገቡ የውሸት ምሰሶና መጋረጃ ይቆማል። ዓመታት ሲያልፉ ካሜራው እየቀረበ ይመጣል፤ እግር ይጠፋል፣ ከዚያ ወገብ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ደረትና ራስ ይቀራል። ካርቶኑ ይወፍራል፣ በ1870ዎቹ ማዕዘኑ ይከብባል። 1880ዎቹ ላይ ስትደርሱ ጥቁር፣ ጥቁር አረንጓዴና የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካርቶን፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ ጀርባው በአበባና በጌጥ የተሞላ ይሆናል። ያኔ ፎቶ ቤቶች እርስ በርስ ፉክክር ላይ ነበሩ፤ ጀርባው የቢልቦርድ ሥራ ይሠራ ነበር።

ልብስም ይረዳል። እንደ ድንኳን የተነፋ ቀሚስ 1860ዎቹን፣ ከኋላ ብቻ ያበጠ ቀሚስ 1870ዎቹንና 80ዎቹን፣ ትከሻ ላይ እንደ ኳስ ያበጠ እጅጌ የ1890ዎቹን አጋማሽ ይጠቁማል። ግን በልብስ ብቻ አትፍረዱ። አንዲት የገጠር ባልቴት የሃያ ዓመት ቀሚሷን ለብሳ ፎቶ ቤት ብትገባ ማን ይከለክላታል? ወጣቷን እዩ፤ ፋሽን የምትከተለው እሷ ናት። ቀለምንም አትመኑ። የዚያን ጊዜው ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ስለሚቸኩል ሰማያዊ ነገር ነጥቶ ይወጣል፣ ቀይና ቢጫ ደግሞ ይጠቁራል። ጥቁር የሚመስለው ቀሚስ ሁሉ የሐዘን አይደለም፤ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል።

አንዱን ካርድ ላሳያችሁ። ከዴቨን አውራጃ ነው፣ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ካርቶን ሳጥን ውስጥ ያወጣሁት። አንዲት ወጣት ቆማለች። ቀኝ እጇን የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፋለች፣ በግራዋ የተዘጋ ጃንጥላ ይዛለች። ቀሚሷ ታጥቦ የተተኮሰ እንጂ አዲስ አይደለም፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ሲረዝም የተለቀቀው እጥፋት መስመር በማጉያ መነጽር ይታያል። ከጫማዋ ኋላ የብረት እግር ብቅ ብሏል። ስገለብጠው የፎቶ ቤቱ ስም አለ፣ ታች ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል "ማሪዮን፣ ፓሪስ" ይላል። እሱ ፎቶ አንሺው አይደለም፤ ካርቶኑን ለብዙ ፎቶ ቤቶች ያቀርብ የነበረ ድርጅት ነው። ብዙ ጀማሪ "የፓሪስ ፎቶ አገኘሁ" ብሎ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ "የእማዬ እህት፣ ወደ ካናዳ ከመሄዷ በፊት" ተብሎ ተጽፏል።

ስም የለም። ግን ነገሩ ሁሉ ገባኝ። አረብ አገር ልትሄድ ያለች ልጅ ከመሳፈሯ በፊት ከቤተሰቧ ጋር ፎቶ ቤት ገብታ የምትነሳው ፎቶ ነው። ቀሚሱ፣ አቋቋሙ፣ ሳቅ ያለመኖሩ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ከእሷ የሚያምሩ ብዙ ነበሩ፤ ጀርባቸው ባዶ ስለሆነ መልሼ ከተትኳቸው።

እግረ መንገዴን፣ የራሳችሁን ቤት አልበም አውጡና ከየፎቶው ጀርባ ስም ጻፉ። ለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ አይሁን።

ስም የማይጠፋበት ጊዜም አለ። ካሚል ሲልቪ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1859 እስከ 1868 ለንደን ፖርቸስተር ቴራስ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። የመጣውን ሰው ሁሉ በቁጥርና በስም መዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር፤ ከምስሉ ናሙናም አብሮ ይለጥፋል። መዝገቦቹ ዛሬ በለንደን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ይገኛሉ። አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ቀረጻ ተመዝግቦባቸዋል። በንግሥት ቪክቶሪያ ጥበቃ ሥር ያደገችው ምዕራብ አፍሪካዊቷ ሣራ ፎርብስ ቦኔታ በ1862 ከባለቤቷ ጋር የተነሳችው እዚያ ነው። የሲልቪ ካርድ ካጋጠማችሁና ቁጥር ካለው ሰውየውን በስሙ የመጥራት ዕድል አላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አሮጌ ዕቃ ላይ የለም።

አሁን ወደ እናቴ ስጋት ልመለስ። ኢንተርኔት ላይ "የሞተ ሰው፣ ቆሞ የተነሳ" የሚል መግለጫ ያለበት ካርድ ይሸጣል። ዋጋው ደግሞ ጎኑ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ያ ከእግር ኋላ የሚታየው ብረት ነው። ብረቱ የራስ መደገፊያ ነው። ፎቶ ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆም ግድ ስለነበረ፣ ከማጅራት ኋላ ቀስ ብሎ የሚነካ ሹካ ነበረው። ሕይወት ያለው ሰው እንዳይወዛወዝ ያግዛል እንጂ አንድ ሬሳ የመሸከም አቅም የለውም። "ዓይኑ ፈዟል" የሚሉትም ያው ነው። ሰማያዊ ዓይን በዚያ ኬሚካል ነጥቶ ይወጣል፤ ሰውየው ጨፍኖ ከሆነ ደግሞ ፎቶ አንሺው በብዕር ይስልለታል።

የሞቱ ሰዎች አይነሱም ነበር ማለቴ አይደለም። ይነሱ ነበር፣ በተለይ ሕፃናት። ግን አልጋ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ወይም እናት እቅፍ ውስጥ ተኝተው ነው፤ ምንም የሚደበቅ ነገር የለውም። ቆመው የሚታዩት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። እናቴን በዚህ አሳምኛታለሁ ማለት አልችልም፣ እናንተ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

አለመሳቃቸውም የሐዘን ምልክት ተደርጎ ይሸጣል። ፎቶ ቤት መግባት ቁም ነገር ነበር፤ ሰው ለቁም ነገር አይገለፍጥም። አያቶቻችን ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሱትን እዩ፣ የትኛው ይስቃል?

ስለ ሐሰተኛ ካርድ። ተራ ሰው ያለበትን ርካሽ ካርድ ማንም አይቀጥፍም፣ አያዋጣም። የሚቀጠፈው ታዋቂ ፊት ነው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ግዙ፤ ዋጋው አይጎዳም። እውነተኛው የእንቁላል ነጭ ወረቀት ሲጎላ የወረቀቱ ክርና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፤ ጥላው ያለ ምንም ነጥብ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የተደረደሩ ነጥቦች ካያችሁ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው። የተበታተኑ ባለ ቀለም ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ ከፕሪንተር። ምስሉ ስስ ወረቀት ሆኖ ካርቶን ላይ የተለጠፈ መሆኑን በጠርዙ አረጋግጡ። የገንዘብ ኖት መመርመሪያዋ ሐምራዊ መብራትም ታግዛለች፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ ብዙ ወረቀት ማንጫ ስለሚጨመርበት ቦግ ብሎ ያበራል፣ የድሮው አያበራም። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፦ በዚያው በ1860ዎቹ የታዋቂ ሰዎችን ካርድ እንደገና እያነሱ የሚሸጡ ሌቦች ነበሩ። ያ ኮፒ ደብዘዝ ይላል፣ ጥቁርና ነጩ ይከርራል፣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ስም ብዙ ጊዜ አይኖርም። ዕድሜው እውነተኛ ነው፣ ዋጋው ግን ያንሳል።

ዳጌሮታይፕ፣ አምብሮታይፕና ቲንታይፕ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። የወንድ ቁልፍ በሴት በኩል ቢታያችሁ፣ የጋብቻ ቀለበት በሌላኛው እጅ ቢሆን አትደናገጡ፣ ያ የአሠራሩ ፀባይ ነው።

የት ትገዛላችሁ? ለንደን ላሉ ፖርቶቤሎ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በርመንዚ ዓርብ በማለዳ። እሁድ ካር ቡት፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ የሚሸጥበት ገበያ ላይም አይጠፋም። ስም የሌለው ተራ ካርድ ጥቂት ፓውንድ ነው፣ ከሳጥን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሻጩ ፊት አንዱን ካርድ ደጋግማችሁ አትዩ። ብዙ ሰብስቡና በጅምላ ዋጋ ተነጋገሩ፣ የምትፈልጉትን መሃል ላይ አድርጉት። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ አይማርም።

ሙሉ አልበም ካገኛችሁ ግን አቅማችሁ በቻለው ግዙት። እኔን የሚያናድደኝ ነጋዴዎች አልበም እየበታተኑ ካርዱን በነጠላ መሸጣቸው ነው። አንድ ቤተሰብ መቶ ሃምሳ ዓመት አብሮ ቆይቶ በአንድ ጠዋት ገበያ ላይ ይበተናል። ከጎኗ ማን እንደተቀመጠ፣ ከእሷ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደመጣ፣ መረጃው ያለው እዚያ አደራደር ውስጥ ነው። ስለዚህ አልበም ስትገዙ ካርድ ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ አንሱ። ጀርባውን ለማየት ካርዱን ከኪሱ ስታወጡ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ስስ የፖሊስተር ፕላስቲክ ቁራጭ በሥሩ አስገብታችሁ በዚያ ላይ አንሸራታችሁ አውጡት።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አላወራም። ፀሐይ፣ እርጥበትና የሚጣበቅ አልበም ሦስቱ ጠላቶች ናቸው። የፖሊስተር ኪስና አሲድ የሌለው ካርቶን ሳጥን ይበቃል፤ ሳጥኑን ከመሬት ቤትና ከጣሪያ ሥር አርቁ። ውሃ አታስነኩ። ዳጌሮታይፕን ደግሞ በጣትም በጨርቅም አትወልውሉ፣ ምስሉ ላዩ ላይ ያለ ብናኝ ስለሆነ ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ስካን አድርጋችሁ ኮፒውን ስቀሉ።

የኛ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ "የልዑል ዓለማየሁስ አለህ?" የለኝም።

ግን ነገሩን ማወቅ ደግ ነው፣ ምክንያቱም ለሽያጭ የሚያቀርብላችሁ ሰው አይጠፋም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ እንግሊዝ የገባው በ1868 ክረምት ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አርፈዋል። አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ፣ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት፣ ወደ ዋይት ደሴት ወሰደው። በዚያው ዓመት ሁለት ፎቶ አንሺዎች አነሱት። አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት፤ የእሷ ሥራ ትልልቅ ነው፣ ለሥነ ጥበብ ብላ የሠራችው። ሌላው እዚያው ደሴት ላይ፣ ራይድ ከተማ ፎቶ ቤት የነበረው ጄቤዝ ሂውዝ ነው። እሱ ያነሳው በካርት ደ ቪዚት መልክ ወጥቷል። ልጁ በ1879 ሊድስ ከተማ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ አንድ ሰው "የዓለማየሁ ኦርጅናል ካርድ" ብሎ ሲያቀርብላችሁ ልባችሁ ይዝለል፣ እጃችሁ ግን ኪስ አይግባ። ልባችሁ መዝለሉን ሻጩ ያውቃል፤ ሐበሻ ገዢ ሲመጣ ዋጋ የሚጨምረውም ለዚሁ ነው። ገልብጡት። ጀርባው ባዶ ከሆነ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቁ። የፎቶ ቤት ስም ካለ ከተማውና አድራሻው ከ1868 ጋር ይሄዳል ወይ? ማጉያውን አውጡ፣ ነጥብ ፈልጉ፣ መብራቷን አብሩበት። ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ የሂውዝን ካርድ በድረ ገጹ ላይ ስላስቀመጠው ስልካችሁን ከፍታችሁ እዚያው ጠረጴዛው ፊት አስተያዩት። የተቆረጠበት ጠርዝ፣ የወንበሩ ቦታ፣ የጥላው ጥልቀት። ሻጩ ይህን ስታደርጉ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።